ላይን ስመራ የሠራልኝና በቦነሱ የተበላሸብኝ

ይህን የምጽፈው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይን፣ ማለትም ልብሱ ከማሽን ማሽን እየተላለፈ የሚሰፋበትን የማሽኖች ረድፍ፣ ለሚረከቡ ሱፐርቫይዘሮች ነው። እኔ ስረከብ የተሰጠኝ የአንድ ቀን ሥልጠናና አንድ ማኑዋል ነበር። ማኑዋሉ ስለ ጠዋት ስብሰባ፣ ስለ ምስጋና፣ ስለ ፈገግታ ሳይቀር ይናገራል። ስለ ቦነስ ግን አንድ መስመር የለውም። እኔ የወደቅሁት እዚያ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ዘጠኝ ሠራተኞች ያን ወር አይከፉም ነበር።

ላይኑ 24 ማሽን ነው፣ ፖሎ ሸሚዝ ይሰፋል። ከጠዋቱ 1:30 ይጀመራል፣ 10:00 ይወጣል፣ መሐል ላይ ግማሽ ሰዓት ምሳ አለ።

ጠዋት 20 ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ። ሦስት ነገር አያለሁ፦ ትናንት የቆመው ማሽን ተሠርቷል ወይ፣ የዕለቱ የክር ቀለም ከስቶር ወጥቷል ወይ፣ ለመጀመሪያው ሰዓት የሚበቃ ቁራጭ ከመቁረጫ ክፍል መጥቷል ወይ። ክር ያልቀረበላትን ልጅ «በርቺ» ብትሏት ንዴቷን ነው የምትጨምሩት።

ስብሰባውን ማኑዋሉ 15 ደቂቃ ይለዋል። እኔ 5 ደቂቃ አደርገዋለሁ፣ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆመን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 15 ደቂቃ በ24 ሰው 360 ደቂቃ ነው። አንድ ፖሎ 15 ደቂቃ ሥራ ስላለው 24 ሸሚዝ እንደቀረ ቁጠሩት፤ ለዚያ ብሎ ታርጌት፣ ማለትም እንዲወጣ የሚጠበቀውን ቁጥር፣ የሚቀንስ ደግሞ የለም። በ5 ደቂቃው የትናንቱን ቁጥር፣ የዛሬውን ቁጥርና ከእነሱ የመጣ አንድ ችግር እንነጋገራለን። አራተኛ ነገር አይጨመርም።

ታርጌቱን ራሳችሁ አስሉት። 24 ሰው በሰዓት 1,440 ደቂቃ አለው፤ ለ15 ሲካፈል 96 ሸሚዝ ይወጣል። ይህ የወረቀት ቁጥር ነው፤ ሁሉም መቶ በመቶ ሲሠራ የሚገኝ። አዲስ ሞዴል በገባበት ቀን 96 ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መሪ፣ ሰዎቹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተስፋ እንዲቆርጡ ያደርጋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን 20 እጽፋለሁ፣ በየቀኑ ከፍ እያደረግሁ በስድስተኛው ቀን 48 ላይ እደርሳለሁ። የምርት ክፍል ይህን አይወደውም፣ ከመጀመሪያው ቀን 48 እንዲጻፍ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ከታርጌት በታች ሆኖ መዋል እጅን እንደሚያስር ግን ማሽን ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

በየሰዓቱ የምንሞላው ሰሌዳ አራት ዓምድ አለው፦ ሰዓት፣ ታርጌት፣ የወጣው፣ ምክንያት። በምክንያቱ ዓምድ የሰው ስም አይጻፍም። የአንዱ ቀን ሰሌዳ እንዲህ ይል ነበር፦ «4:30፣ 48፣ 31፣ የኮሌታ ማሽን መርፌ ሰበረ፣ መካኒክ እስኪመጣ 22 ደቂቃ።» ከዚህ በፊት በዚህ ቦታ የልጅቷ ስም ነበር የሚጻፈው። ስም ሲጻፍ ማሽኗ መበላሸቱን ትደብቃለች፤ ምክንያት ሲጻፍ እጇን አንሥታ ትጠራለች። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፣ ግን ትልቅ ነው።

ስለ ምስጋና ሁሉም የሚደግመውን ምክር አልቀበለውም። «ስታመሰግን በሰው ፊት፣ ስትቆጣ ለብቻ» ይላሉ። ሁለተኛው ልክ ነው። የመጀመሪያው ግን አንድ ቤት ለአራት ተከራይተው በሚኖሩ ልጆች መሐል ጣጣ ያመጣል። በሰው ፊት የተመሰገነችው ማታ ቤት ስትገባ «የአለቃ ወዳጅ» ትባላለች፣ በነጋታው ሆን ብላ ትዘገያለች። ስለዚህ ምስጋናዬ ማሽኗ ዘንድ ጎንበስ ብዬ፣ ለእሷ ብቻ፣ በስሟ ጠርቼና ሥራውን ለይቼ ነው፦ «ዛሬ ከምሳ በኋላ አንድም ኮሌታ አልተመለሰብሽም።» ጎበዝ ማለት አያስፈልግም፣ ቁጥሩ በቂ ነው። «አንቺ ባለ ኦቨርሎክ» ብሎ በማሽኗ ስም መጥራትማ ጭራሽ መቅረት አለበት።

ሌላው ደብተር ነው። «እጠይቅልሻለሁ» ካላችሁ ቃል ገብታችኋል። ስሟን፣ ጥያቄዋንና መልስ የምትሰጡበትን ቀን ጻፉ፤ መልሱ «ገና ነው» እንኳ ቢሆን በነጋታው ንገሯት።

አሁን ወደ ቦነሱ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ላይኑ የወሩን ታርጌት 90 በመቶ ከመታ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 400 ብር። የሰው ኃይል ክፍል ማጠቃለያውን በአንድ አንቀጽ ላከልኝ፣ እኔም በጠዋቱ ስብሰባ ላይ አንብቤ ነገርኳቸው። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ደብዳቤው እጄ ሳይገባ፣ ማኅተም ሳላይ ተናገርሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «በወሩ አንድም ቀን ያልቀረ» የሚል ሁኔታ ነበረው። ያን ገጽ ያየሁት ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ላይኑ 90 በመቶውን አለፈ። ከ24 ሠራተኞች 15ቱ ቦነሱን አገኙ፣ 9ኙ ምንም አላገኙም። ከ9ኙ አምስቱ የቀሩት በሕግ በተፈቀደ ምክንያት ነው፦ ሦስቱ በሐዘን፣ ሁለቱ የሐኪም ማስረጃ ባለው ሕመም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱን የሰጠው ድርጅቱ ራሱ ነው፣ ፊርማው የዚያው ክፍል ነው። ይኸው ክፍል በሌላ እጁ ቦነሱን ቆረጠ። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ቦነስ ደመወዝ አይደለም፣ ድርጅቱ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው» የሚል ነበር። እናቷን ቀብራ ለመጣች ልጅ ይህን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ግን ማንም አልነገረኝም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጉዳቱ ሰሌዳው ላይ ታየ። በሰዓት 46 ይወጣ የነበረው በሳምንቱ 33 ሆነ። ማንም አላጉረመረመም፣ ማንም አልቀረም፣ ሁሉም ማሽኑ ላይ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ላይን የሚሄደው ሰው ከራሱ ሥራ ውጭ በሚያደርገው ነገር ነው። ኮሌታ መግጠሚያው ላይ ሥራ ሲከማች፣ የጎን ስፌቷን የጨረሰችው ኦፕሬተር ሳትጠየቅ ተነሥታ ኮሌታ ታዘጋጃለች። ባንድል፣ ማለትም የታሰረ የቁራጭ እሽግ፣ ያለቀባት ልጅ ራሷ ሄዳ ታመጣለች። ይህ በሥራ መዘርዝር ላይ የለም፣ ማስገደድም አይቻልም። ከቦነሱ በኋላ የቆመው እሱ ነው። እያንዳንዷ የራሷን ሠርታ እጇን ታጥፋ ትጠብቃለች፤ ኮሌታው ላይ 60 ቁራጭ ተከምሯል።

ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ላይኑ ፊት ቆሜ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳላነብ መናገሬን ነገርኳቸው። «እነሱ ናቸው የከለከሉት» አላልኩም። ክፍሉ ቢያጠፋም ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ደግሞም ሠራተኛ ፊት ሌላ ክፍል የሚወቅስ መሪ አቅም እንደሌለው ራሱ መሠከረ ማለት ነው። ከዚያ የአምስቱን የፈቃድ ወረቀት አያይዤ ጻፍሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ፣ በሦስተኛው ተከፈላቸው። ያለ ፈቃድ ለቀሩት አራቱ አልተከፈለም። አንድ ቀን ለቀረ ሰው 400 ብር ሙሉ መቁረጥ ዛሬም ልክ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ቦነስ እንዲህ ነው። ደንቡ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ሰሌዳው ላይ ሳይለጠፍ በቃል አልናገርም። የሕግ ፈቃድ እንደ መቅረት አይቆጠርም። ያለ ፈቃድ ለቀረ የዕለቱ ብቻ ይቀነሳል፦ 400 ብር ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 15 ብር ከ38 ሳንቲም። የእስካሁኑ ድምር በየቀኑ ይጻፋል፣ ማንም ልጅ በራሷ ማስላት ትችላለች። ክፍያው በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ለብቻው መስመር ይኖረዋል፣ ከ10 ቀን በላይ አይዘገይም። ከደመወዝ ጋር ተደባልቆ የገባ ቦነስ አይታይም፤ በወሩ መጨረሻ የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ቢከፈል ደግሞ ለምን እንደተከፈለ ይረሳል።

የቀረውን ባጭሩ ልበል።

ትርፍ ሰዓት ካለ ከአንድ ቀን በፊት፣ ከምሳ በፊት ንገሩ። ሕጉ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል፤ በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ ይከፈልበታል። ልጆቹን የሚያስጨንቃቸው ግን ሒሳቡ ብቻ አይደለም። ማታ ማን ያበስላል፣ ሰርቪስ ካለፈ በጨለማ ከማን ጋር ይሄዳሉ? በ9:30 «ዛሬ ታመሻላችሁ» የሚል መሪ ያን ቀን ሰው ያቆያል፣ በነጋታው ቀሪ ይቆጥራል።

ሽንት ቤት መውጫ ካርድ ለ24 ሰው ሁለት ነበር። አራት አደረግሁት። አለቆቼ ምርት ይወርዳል ብለው ነበር፣ አልወረደም። በዚህ እኮራለሁ።

ትእዛዝ ሲቀንስ አትደብቁ። አገራችን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል፣ ስትወጣ የአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉ ፋብሪካዎች ሁሉ ተመቱ። መሪው ዝም ባለበት ላይን ወሬው «ሊዘጋ ነው» ይሆናል፣ ጎበዞቹም ቀድመው ይወጣሉ። እኔ የማውቀውን ብቻ እላለሁ፦ «የሦስት ሳምንት ቁራጭ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓርብ እነግራችኋለሁ።» ዓርብ ደግሞ አዲስ ነገር ባይኖርም እነግራለሁ።

ከመውጫው በፊት 9:50 ላይ መካኒኩን ይዤ በላይኑ አልፋለሁ። የትኛው ማሽን ስፌት እየዘለለ ነው፣ የትኛው ድምፅ ቀየረ ብለን እያንዳንዷን እንጠይቃለን፣ እሱም ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ያን ገጽ ነው።