ሦስት ጊዜ ማረፍ እጅ ያፍታታል?

በአሜሪካ ሕግ የግል አብራሪ ሰው አሳፍሮ ለመብረር ባለፉት 90 ቀናት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት። ለሌሊት በረራ ከሆነ እያንዳንዱ ማረፍ በሌሊትና አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ነው፤ ጎማ አስነክቶ መነሳት አይቆጠርም። በሴስና 172፣ በትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ ሦስቱ ዙር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወረቀቱ ይሟላል፣ እጅ ግን ገና አልተፍታታም።

ቶሎ ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ የፍጥነት ስሜት ነው። ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋውን ክፍል) ሙሉ አውርዶ በ65 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) መምጣት ያለበት ሰው «ለማንኛውም» ብሎ 75 ይይዛል። አሥር ኖት ቀላል ይመስላል፤ አውሮፕላኑ የተሸከመው ጉልበት ግን በሲሶ ይጨምራል። አፍንጫውን ሲያነሳ አውሮፕላኑ አልወርድም ብሎ ማኮብኮቢያው ላይ ይንሳፈፋል። አብራሪው ትዕግሥቱ ያልቅና መሪውን ወደፊት ይገፋል፤ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፣ አውሮፕላኑም ይነጥራል። ደግሞ ከገፋው ቀጣዩ ንጥረት ይብሳል፤ ፕሮፔለር መሬት የሚመታው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ ማረፉን ትቶ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ እንደገና መዞር ነው፤ ይሄም ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ፍላፑ ሙሉ ወርዶ ሳለ ኃይል ሲሰጥ አፍንጫው ሽቅብ ይላል፣ ወደ ግራም ይጎትታል። ቀኝ እግር ራደሩን፣ ማለትም የጅራቱን መሪ ፔዳል፣ መርገጥ አለበት። ፍላፑ መጀመሪያ ወደ 20 ዲግሪ ብቻ ይሰበሰባል፣ የቀረው ፍጥነት ሲገኝ ነው። በአንድ ጊዜ ሙሉውን የሰበሰበ ይሰምጣል።

ስለዚህ ከሦስት ይልቅ ስድስት ዙር ይሻላል፦ አንዱ ሳያርፉ መዞር፣ አንዱ ያለ ፍላፕ፣ አንዱ ደግሞ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ትይዩ ትሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ዘግቶ እየተንሸራተቱ መድረስ። ከዚያ በፊት ከመሬት 3,000 ጫማ ላይ ወጥቶ ሁለት ስቶል፣ ማለትም ክንፉ አየሩን መሸከም አቅቶት ሲወድቅ ማዳን። እዚያ የዛገ እጅ ወዲያው ይጋለጣል፤ አንዱ ክንፍ ሲወድቅ እንደ መኪና መሪውን በተቃራኒ ያዞራል፣ የወደቀውም ክንፍ ይብስበታል። መጀመሪያ መሪውን ማላላት፣ ክንፉን በራደር መያዝ፣ ከዚያ ኃይል።

ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ባሕር ጠለል አካባቢ ለለመደ ዓይን መሬቱ ይሮጥበታል፤ የፍጥነት መለኪያው 65 ሲል እውነተኛው የአየር ፍጥነት ወደ 75 ነውና። ዓይኑን አምኖ ፍጥነት የሚቀንስ ወደ ስቶል ይጠጋል። እንደገና ሲዞርም በልማድ ሚክስቸሩን (የቤንዚንና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን) እስከ መጨረሻው ከገፋው፣ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈንና በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ጉልበት ያጣል።