ዘይቱ የት ይገባል?

ባለፈው ክረምት እናቴን ደብረ ማርቆስ ጠይቄ ስመለስ ነው። ከደጀን ዓባይ በረሃን መኪናዬን በሁለተኛ ማርሽ አድርጌ፣ ነዳጅ ሳልሰጣት ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ለዳገቱ ነዳጅ ስረግጥ ስፖኪዮው ውስጥ ሰማያዊ ጭስ ብቻ ሆነ። ከኋላዬ ያለው አይሱዙ መብራት ያብለጨልጭብኛል።

ጎሃ ጽዮን ስደርስ ሜዳ ላይ አቆምኩ። ሞተሩ ትንሽ እስኪረጋ ጠብቄ ኮፈኑን ከፈትኩና ዘይት ለካሁ። የመለኪያዋ ብረት ጫፏ ብቻ ረጥቧል። ዘይት ከቀየርኩ ገና 1,500 ኪሎ ሜትር አልሞላኝም ነበር።

አዲስ አበባ ገብቼ ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። እንግዲህ ካልፈሰሰ ተቃጥሏል ማለት ነው። ሰፈሬ ካለ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን፣ ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለካ፤ 142፣ 140፣ 138፣ 140 ፒ ኤስ አይ። «የመኪናዋ መጽሐፍ ከ180 በላይ ነው የሚለው። ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ፋሻ የሚለው ፒስተኑን የከበቡትን፣ ግፊትና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጉትን ቀለበቶች ነው። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። የዓመት ቁጠባዬ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ኮልፌ አካባቢ ወዳሉ አንድ አዛውንት የወሰደችኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቁልፍ ሳያነሱ በጥያቄ ጀመሩኝ።

«ልጄ፣ ጭሱን መቼ መቼ ነው የምታይው?»

«ጠዋት ሳስነሳት ትንሽ ይወጣና ይጠፋል። ዓባይ በረሃ ደግሞ ቁልቁለቱን ጨርሼ ነዳጅ ስረግጥ።»

«ዳገቱንስ?»

አሰብኩት። ዳገቱን ንጹሕ ሆና ነው የወጣችው።

«እንግዲያው ፋሻዋን እንዳታስነኪ» አሉኝ።

ምክንያቱን በደንብ አስረዱኝ። ነዳጅ ሳይሰጥ በማርሽ ቁልቁለት ሲወረድ የአየር መግቢያው ይዘጋል። ሞተሩ ግን መሳቡን አያቆምም። በቫልቩ ግንድ ላይ ያለችው ጎሚኒ፣ ዘይት የምትይዘው ትንሿ ላስቲክ፣ ከደረቀች ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ያለው ዘይት በዚያ በኩል እየተሳበ ይወርዳል። ነዳጅ ሲረገጥ የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይቃጠላል። የጠዋቱም ጭስ እንደዚያው ነው፤ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያደረ ዘይት ነው። ፋሻው ያለቀ መኪና ግን ጭነት ላይ ነው የሚያጨሰው፤ ዳገቱን በሙሉ።

«ኮምፕረሽኑስ?» አልኳቸው።

«መጽሐፉ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያ 190 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 140 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። ይህን ስሰማ ተናደድኩ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ወርዶ ይሆን?

ጋሼ ግን በቃላቸው ብቻ አላመኑም። በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ለኩ። ፋሻው ያለቀ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ ይዘላል። የእኔ በ5 ብቻ ነው የጨመረው። የሞተሩን ትንፋሽ የሚያወጣውን ትንሽ ቫልቭም ፈትተው ጆሮዬ ሥር አንቀጫቀጩት። ከተደፈነ አይሰማም። ብዙ ሰው ይህን ርካሽ ዕቃ ሳያይ ነው ወደ ውድ ሥራ የሚገባው።

ጎሚኒዎቹን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ 16 ናቸው። እሑድ ጠዋት ጀመርን። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት አወረዱ፣ ቴስታታውን ግን አልነኩትም። በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ የናይለን ገመድ እየጠቀለሉ ወደ ሲሊንደሩ አስገቡ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው አዞሩት። ፒስተኑ ገመዱን ወደ ላይ ገፍቶ ቫልቮቹን ደገፋቸው። የቫልቩ ሞላ ሲፈታ ቫልቩ ወደ ታች አይወድቅም ማለት ነው። ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። አንዷን አሮጌ ጎሚኒ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እንደ ሽምብራ ቆሎ ደርቃለች። በሁለት ጣቴ ስጫናት ቋ ብላ ተሰበረች። አዲሷ ትለመጣለች። 11 ሰዓት አለፍ ሲል ጨረስን።

አሁን ዳሽቦርዱ ውስጥ ደብተር አለኝ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ጠዋት ሳላስነሳት ዘይቷን ለክቼ እጽፋለሁ። በ3,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ የጨመርኩት ግማሽ ሊትር አይሞላም። ዓባይንም ደግሜ ወርጄ ወጥቻለሁ፤ ድልድዩን አልፌ ስረግጥ ስፖኪዮው ውስጥ መንገዱ ይታየኛል።

የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን አሁንም ጥቂት ዘይት ይነካዋል። ጋሼ የታችኛውን ፋሻ፣ ዘይት ጠራጊውን፣ ይጠረጥራሉ። እሱ በካርቦን ቢደፈን ኮምፕረሽን ላይ አይታይም፤ ኮምፕረሽን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። ለጊዜው ዘይት በየ5,000 መቀየሩን ትቼ በየ3,000 እቀይራለሁ። በሚቀጥለው ቅያሪ ያቺን ካንዴላ ፈትተን እናያታለን።