ወደ ድሬ ጎዶሎ፣ ወደ ሸገር ሙሉ

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ወደ ድሬዳዋ የሚበር አውሮፕላን የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ይመስላል። ነጠላው፣ ጥላው፣ በፌስታል የተቋጠረው ስለት። ሁሉም ቁልቢ ገብርኤል ሊደርስ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጡት እናት ድንገት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ያ አይመጣብንም?»

ሌላ አውሮፕላን ከበላያችን ወደ አዲስ አበባ ውልብ ብሎ አለፈ። አማተቡ። «አይመጣም እማማ፣ የሱ መንገድ ሌላ ነው» አልኳቸው። እንዴት ሌላ እንደሆነ የተብራራልኝ ግን ማታ ነው። ዕድሜውን በታወር፣ አውሮፕላኖችን ከመሬት በሬዲዮ ሲቆጣጠር የጨረሰ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለ የድሬ ወዳጅ አለኝ። ከዚራ፣ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ጠየቅኩት።

«አቦ፣ ቀላል ነው» አለኝ። «ወደ ድሬ ስትመጣ ወደ ምሥራቅ ነው የምትበረው። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጎዶሎ ቁጥር ይይዛል፤ 19 ሺህ፣ 21 ሺህ፣ 23 ሺህ ጫማ። ወደ ምዕራብ የሚመለሰው ሙሉ ነው፤ 20፣ 22፣ 24። ሬዲዮው ዝም ቢል እንኳ ፊት ለፊት አትገናኙም።»

በመካከል የሚቀረው 1 ሺህ ጫማ ነው፤ 300 ሜትር ገደማ። አነሰብኝ። ግን አስቡት፤ ሁለቱም በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበሩ በየደቂቃው 20 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። በዚያ ፍጥነት ዐይቶ መሸሽ አያስተማምንም። ቦታው አስቀድሞ መከፈል አለበት።

ከፍታውስ በምን ይታወቃል? በአየር ግፊት። ከፍ ብለው ሲበሩ አብራሪዎች በሙሉ መለኪያቸውን 1013 ሄክቶፓስካል ላይ ያደርጋሉ። የዕለቱ ትክክለኛ ግፊት ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ግድ የለም። ሁሉም ከአንድ ቁጥር እስከተነሱ ድረስ ቢሳሳቱም እኩል ይሳሳታሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም። በበኩሌ ከሰማሁት ሁሉ የወደድኩት ይሄን ብልጠት ነው። ለማረፍ ሲወርዱ ግን ነገሩ ከመሬት ጋር ነው። የድሬን ግፊት ከታወር ተቀብለው ያስተካክላሉ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቦሌ ግማሽ። ከአጠገቧ ግን ተራራው ተገትሯል።

በአንድ ከፍታ ላይ የሚበሩትስ? ራዳር ካለ ብዙውን ጊዜ 5 የባሕር ማይል፣ ማለትም 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ራዳር በማይደርስበት ተቆጣጣሪው በሰዓት ያሰላል፤ ለምሳሌ የኋለኛው የፊተኛውን በ10 ደቂቃ ርቀት ይከተላል።

«ተቆጣጣሪው ቢሳሳትስ?» አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ውስጥ፣ ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ የሆነውን ነገረኝ። አውሮፕላኖቹ ግጭት ሲቃረብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነበራቸው። መሣሪያው አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ አለ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ውጣ የተባለውን ውረድ አለው። እሱም ሰውየውን ሰማ። ሁለቱም ወረዱ። 71 ሰው አለቀ።

«አሁን ሕጉ ግልጽ ነው፤ መሣሪያውና እኛ ከተለያየን አብራሪው መሣሪያውን ይሰማል። እኛም ዝም እንላለን» አለ። ዕድሜ ልኩን ሲያዝ የኖረ ሰው ይሄን ያለ ቅሬታ ሲናገር ደስ አለኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ደንገጎን ተያያዝነው። ጠመዝማዛው ላይ ሹፌራችን አንድ የጭነት መኪና ሊቀድም ወጣ። ከላይ ሌላ መኪና እየወረደ ነው። በስንዝር ተላለፍን። ተሳፋሪው ባንድ አፍ ገብርኤልን ጠራ።

«ኧረ ቀስ በል!» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝና ጫቱን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዞረ። «አታካብድ አቦ፣ አልፈናል እኮ!»