ወደ ዶን ሉዊስ ከተማ

በፖርቶ ሪኮ ደሴት ከሳን ሁዋን ወደ ፖንሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በቀድሞው አገረ ገዢ በሉዊስ ፌሬ ስም ይጠራል። ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከሰሜኑ ጠረፍ ተነሥቶ የደሴቲቱን ማዕከላዊ ተራሮች ያቋርጥና ወደ ካሪቢያን ባሕር ይወርዳል። ካዬ አካባቢ ጉም የለበሰው ለምለም ተራራ ወዲያ ማዶ ሲደርሱ በድንገት ይደርቃል፤ አየሩ ይሞቃል፣ ቁጥቋጦ ይበዛል። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

የሄድኩት በ2019 የካቲት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ቢሆንም ክዳናቸውን ነፋስ የወሰደባቸው ቤቶች ገና ሰማያዊ ሸራ እንደለበሱ ነበሩ። መንግሥት በመጨረሻ ያመነው የሟቾች ቁጥር 2,975 ነው።

እዚያ የወሰደኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሜሪላንድ አብረን እንሠራለን፤ የፖንሴ ልጅ ነው። በ2016 የምርጫ ዕለት፣ እኔ የአሜሪካ ዜግነት ከወሰድኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ «ዛሬ አንተም እኔም ፕሬዚዳንት እንመርጣለን፤ እናቴ ግን ፖንሴ ስለምትኖር አትችልም» አለኝ። አላመንኩትም ነበር። አሜሪካ ደሴቲቱን ከስፔን የወሰደችው በ1898 ነው፤ ለሕዝቡ ዜግነት የሰጠችው በ1917። ልጆቻቸው በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ዘምተዋል፤ ሞተዋል። ሆኖም በደሴቲቱ የሚኖር ሰው ለፕሬዚዳንት ድምፅ አይሰጥም፤ ወደ ኮንግረስ የሚልከው ተወካይም በሕግ ማጽደቂያው ጊዜ ድምፅ የለውም። መብቱ የሚከተለው አድራሻን ነው። ባልደረባዬ ሜሪላንድ በመምጣቱ አገኘው፤ እኔ ነገ ፖንሴ ብገባ አጣዋለሁ። ጎንደር ተወልጄ በመሐላ ያገኘሁትን መብት እዚያው ተወልደው ያረጁ እናት ማጣታቸው አልዋጥልህ አለኝ። «ይህንን ለመለወጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር፤ ዶን ሉዊስ» አለኝ ባልደረባዬ። ሉዊስ ፌሬን ማለቱ ነው፤ ዶን የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኛ ጋሽ እንደምንለው።

ፖንሴ ዝግ ያለች፣ በራሷ የምትኮራ ከተማ ናት። አደባባይዋ ላይ ከካቴድራሉ ጀርባ ቀይና ጥቁር መስመር የተቀባ የእንጨት ቤት አለ፤ በ1882 ለኤግዚቢሽን ተሠርቶ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የያዙት ነው። ፎቶ አነሣሁና አለፍኩ። ልቤ ያለው ዶን ሉዊስ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዘንድ ነበር።

የሙዚየሙን ነጭ ሕንፃ ከሩቅ ሳየው የማውቀው መሰለኝ። አልተሳሳትኩም፤ የነደፈው ኤድዋርድ ዱሬል ስቶን ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ በየሳምንቱ የማልፍበትን የኬኔዲ ማዕከል የነደፈው አርክቴክት። የፖንሴው የቀደመ ነው፤ በ1965 ተከፈተ። ክፍሎቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ናቸው፤ ብርሃኑ በየጥጉ እየገባ ሥዕሎቹ ላይ በቀስታ ያርፋል። ከሁሉ በላይ ያቆመኝ የእንግሊዛዊው ሌይተን ሥዕል ነው፤ ብርቱካንማ ቀሚስ የለበሰች ሴት ተኮራምታ ተኝታለች። ፌሬ በ1963 ሲገዙት የሌይተን ዘመን ሥዕል ተንቆ፣ ዋጋው ወድቆ ነበር። ዛሬ ታላላቆቹ ሙዚየሞች አውሱን ይሏታል። ያን ጊዜ ያንን ሥዕል ለማየት ለንደን ሳይሆን ፖንሴ መምጣት ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ያደረገው የአንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ዐይን ነው።

ሉዊስ ፌሬ በ1904 እዚሁ ፖንሴ ተወለዱ። አባታቸው ከኩባ የመጡ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ማሳቹሴትስ ልከው ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ምሕንድስና አስተማሯቸው፤ እሳቸው ግን ጎን ለጎን ፒያኖ ተማሩ፤ በኋላ የፒያኖ ቀረጻ እስከማሳተም ደርሰዋል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ የፖንሴ ሲሚንቶን አቋቋመ። በ1950 ደግሞ የደሴቲቱ መንግሥት የሲሚንቶ፣ የመስታወት፣ የወረቀትና የሸክላ ፋብሪካዎቹን ለዚሁ ቤተሰብ ሸጠ። ያ መንግሥት የሉዊስ ሙኞስ ማሪን ነበር፤ የፌሬ ዋና የፖለቲካ ተቀናቃኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ይከብደኛል። ሲሚንቶው፣ ጋዜጣ ሳይቀር፣ በመጨረሻም የአገረ ገዢው ወንበር በአንድ ቤተሰብ እጅ መግባቱ ለማንም አገር መልካም አይመስለኝም። ስለ ዶን ሉዊስ በአክብሮት የምጽፈው ይህን ረስቼ አይደለም።

ወንበሩ ግን በቀላሉ አልመጣላቸውም። በ1956፣ በ1960ና በ1964 ለአገረ ገዢነት ተወዳድረው ሦስቴ ተሸነፉ። በ1967 በደሴቲቱ የወደፊት ዕጣ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ የራሳቸው ፓርቲ «አንሳተፍም» አለ፤ እሳቸው ሃምሳ አንደኛ የአሜሪካ ክፍለ አገር እንሁን የሚለውን ወገን ይዘው ገቡ። ከመቶ 39 ያህል ድምፅ አገኙ። ተሸነፉ፤ ከሽንፈቱ ግን አዲስ ፓርቲ ይዘው ወጡ። በዓመቱ ገዢው ፓርቲ ለሁለት ሲሰነጠቅ በ64 ዓመታቸው አሸነፉ።

በአራት ዓመት ሥልጣናቸው ለሠራተኛው የገና ጉርሻን በሕግ አስደነገጉ፤ ዛሬም ይከፈላል። በ1970 የመምረጫ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 በሕዝበ ውሳኔ ወረደ፤ ከመላው አሜሪካ አንድ ዓመት ቀድሞ። በዚያው ዓመት ባለቤታቸው አረፉ፤ የቀዳማዊት እመቤትነቱን ሥራ ልጃቸው ሮሳሪዮ ተኩ፤ በኋላ በደራሲነት የታወቁት ናቸው። የፕሬዚዳንት ምርጫውንም አልተዉትም። ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋር ሆነው አጥኚ ቡድን አቋቋሙ፤ ቡድኑ በ1971 «ፖርቶ ሪኮዎች ፕሬዚዳንት ይምረጡ» ብሎ አቀረበ። ነገሩ እዚያው ቀረ።

ለዓመታት የደሴቲቱን ሪፐብሊካን ፓርቲ መርተዋል፤ ዕጩ ፕሬዚዳንት በሚመርጠው ጉባኤ የደሴቲቱ ልዑካን ድምፅ አላቸውና። ኅዳር ሲመጣ ግን የመረጡት ዕጩ ያለ እነሱ ይወዳደራል። በ1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ከፍተኛውን የሲቪል ሜዳሊያ አጠለቁላቸው። ያን ዕለት ፌሬ የ87 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ሜዳሊያውን ላጠለቀላቸው ሰው ከፖንሴ ሆነው ድምፅ መስጠት አይችሉም። በ2003 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉም ሕጉ እንደነበረ ነበር።

ክፍለ አገር ይሁኑ፣ ነጻ ይውጡ፣ ባሉበት ይቆዩ፣ መልሱ የእነሱ ነው፤ እኔ አልፈርድም። የድምፁ ነገር ግን ያንገበግበኛል።

ከሙዚየሙ ስወጣ በረንዳው ላይ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ኒው ዮርክ ሃያ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ኢትዮጵያ ስላቸው ስለ ቡና አነሡ፤ በስተ ምዕራብ ካለችው ያውኮ ተራሮች ስለሚመጣው የእነሱ ቡና።

«ዶን ሉዊስን ያውቋቸው ነበር?» አልኳቸው።

«ፖንሴ ውስጥ የማያውቃቸው ማን አለ!» አሉ። «የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት በ1972 ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ዕድሜው ባይወርድ ኖሮ አልመርጥም ነበር።»

«እሳቸውን መረጡ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሄርናንዴስ ኮሎንን። እሱም የፖንሴ ልጅ ነው። ዶን ሉዊስ በዚያ ምርጫ ወደቁ።» ጥቂት ዝም አሉ። «ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ባርኔጣዬን አነሣላቸው ነበር።»

ኒው ዮርክ ሳሉ ፕሬዚዳንት መርጠው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አምስት ጊዜ አሉኝ፤ በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ ሁለቱ አሸንፈዋል። አሁንስ አልኳቸው።

«አሁን ቤቴ ነኝ» አሉ።