እምቢ ያልኩት እንቅልፍ ላይ ሆኜ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለሰው ስልክ አይደወልም። የትም አልተጻፈም፤ እዚህ ያደገ ግን ያውቀዋል። ከዚራ ሰፈር ሱቁ ተዘግቷል። ባጃጅ ነጂው ጥላ ፈልጎ ከኋላ ወንበሩ ላይ እግሩን አውጥቶ ተዘርሯል። የሚቅመው በርጫው ላይ ነው። እንደ እኔ የማይቅመው ሲሚንቶው ላይ ውኃ ረጭቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ይተኛል።

የአዲስ አበባው ሰውዬ ይህን ከየት ይወቀው? ግንቦት ነበር፤ የዛሬ ሦስት ዓመት። የሂሳብ ሥራ አለ፣ ደሞዙም አሁን ከማገኘው እጥፍ ነው አለኝ። ግማሹን አልሰማሁትም።

«ታዲያ ይመጣሉ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ተነስቼ ሻይ ስጠጣ ነው።

መልሼ መደወል እችል ነበር እኮ። ቁጥሩ እዚያው ስልኬ ላይ አለ። ግን ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳልጨርስ ምክንያቶቹ መጡልኝ። አቦ፣ እንዴት ይፈጥናሉ! ለባለቤቴ የልጆቹን ትምህርት ቤት አነሳሁ። ለጓደኞቼ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ። ለእናቴ ደግሞ «አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ» አልኳት። አለቀሰች። ጉልበቷን ስሜ ተመረቅሁ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ የተኛሁበትን ነው የመረቀችኝ።

ድሬ ራሷ የተቆረቆረችው እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው ወጪ አበዛና በ1895 ባቡሩ እዚህ ግርጌው ላይ ቆመ። እኛ ዛሬ የበረሃ ንግሥት እያልን እናሞካሻታለን።

ነገሩን ከእናቴ ሳልወርስ አልቀረሁም። ያኔ ቤታችን ደቻቱ አጠገብ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ ሞልቶ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ያን ሌሊት ከተማ ውስጥ አልነበርኩም። እናቴና እህቴ ሮጠው አመለጡ። ብርና ወርቅ ያለበት ሳጥን አልጋው ሥር ቀረ። እናቴ ጎረቤት ደርሳ ስትቆም እጇ ላይ የነበረው ባዶ ፔርሙዝ ነው።

ባዶ! ክዳን እንኳን አልነበረውም።

በዓመቱ ሲጠይቋት «ለልጆቹ ወተት መያዣ ብዬ ነው» አለች። ልጆቹ የተባልነው እኔና እህቴ ነን፤ እኔ ያኔ ሥራ ይዣለሁ። ቆየት ብላ «የአባታችሁ ስጦታ አይደል» ማለት ጀመረች። አሁን አሁን «እግዜር ነው ያስያዘኝ» ትላለች፤ ይሄኛው መከራከሪያ የለውም። እህቴ ግን አጠገቧ ነበረች። ፔርሙዙ በሩ ጋ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ነው ትላለች። በቃ።

ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር ቡና ስንጠጣ እውነቱን ነገርኳት። «እማዬ፣ ያን ሥራ የተውኩት ላንቺ ብዬ አልነበረም። እንቅልፍ ይዞኝ ነው።»

ትቀየመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሲኒዋን አስቀመጠችና ጥቂት አሰበች።

«ያን ቀን ምሳ እኔ ጋ አልነበር የበላኸው?»

«ምን አገናኘው?»

«ሩዝ ነበር የሠራሁት። ሩዝ ያስተኛል። እኔ ነኝ ያስቀረሁህ።»

ያን ቀን ምሳ የበላሁት ቢሮ አካባቢ ነው፤ ፓስታ። ሲኒዬን ዘረጋሁላት፣ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።