በኪራይ ቤት በረንዳ ላይ የእንጨት ንጣፍ፦ የአምስት ወር ማስታወሻ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምንከራየው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የበረንዳው ወለል ባዶ ሲሚንቶ ነው። በሰመር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ማታ እንኳ በባዶ እግር አያስቆምም፤ ልጄ ደግሞ መጫወት የምትወደው እዚያው ነው። ስለዚህ ባለፈው ሜይ ሙጫም ሆነ ብሎን ወለሉን ሳይነካው እርስ በርሱ የሚገጣጠም የእንጨት ንጣፍ ለማንጠፍ ወሰንኩ። ማንጠፉ የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነበር፤ ብዙ ያስተማረኝ ግን ከንጣፉ ሥር የሆነው ነገር ስለሆነ፣ በኪራይ ቤት ተመሳሳይ ሥራ ላሰባችሁ ሁሉ እንዲጠቅም በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ለሕንፃው አስተዳደር በኢሜይል ጽፌ ፈቃድ ጠየቅኩ። የተፈቀደልኝ በሲሚንቶው ላይ ምንም ነገር እንዳላጣብቅ፣ የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ እንዳልዘጋ፣ ለፍተሻ ስጠየቅም ንጣፉን እንዳነሳ ተነግሮኝ ነው። ይህን መልስ በጽሑፍ ይዛችሁ አስቀምጡት። በሜሪላንድ ሕግ አከራይ ዲፖዚቱን ተከራዩ በለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ለደረሰ ጉዳት የሚቀንሰው ካለም ዝርዝሩን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ባዶውን ወለል ከነስንጥቁና ከነአሮጌ እድፉ በየማዕዘኑ ፎቶ አነሳሁት።

ብዙ ሰው የማያስበው፣ ለእኔ ግን እንደ ወላጅ ከሁሉም የበለጠብኝ የአጥሩ ቁመት ነበር። በአሜሪካ በስፋት በሚሠራበት የግንባታ ደንብ የአፓርትመንት በረንዳ አጥር ከ42 ኢንች ማነስ የለበትም፤ የሚለካውም ሰው ከሚቆምበት ወለል ጀምሮ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ወለሉን ከፍ ባደረገው ልክ አጥሩን ያሳጥረዋል ማለት ነው። የእኛ አጥር 43 ኢንች ሆኖ ስላገኘሁት ከንጣፉ በኋላም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተረፈው። ልክ 42 ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን እተወው ነበር።

በረንዳው 308 በ167 ሴንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ 30 በ30 ሲሆን፣ አራት ጠፍጣፋ እንጨቶች ከታች በብሎን ከፕላስቲክ መደብ ጋር ተያይዘዋል። በርዝመቱ አሥር፣ በወርዱ አምስት ሙሉ ንጣፍ ይገባል፤ በግድግዳው በኩል የሚቀረውን 17 ሴንቲ ሜትር በግማሽ ንጣፍ ለመሙላት አሰብኩ። ሂሳቤ ቀላል ነበር፦ ሃምሳ ሙሉ፣ ለሁለት የሚከፈሉ አምስት፣ በድምሩ ሃምሳ አምስት። እንጨቶቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካሰለፍኳቸው መጋዝ አያስፈልገኝም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው እንጨት መካከል ያለውን ፕላስቲክ ብቻ በጠንካራ መቀስ መቁረጥ ይበቃል። ይህ በትክክል ሠራ። ሂሳቡ ግን አልሠራም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ንጣፍ በሁለት ጎኑ ጥርስ፣ በሌሎቹ ሁለት ጎኖች ደግሞ ጥርሱ የሚገባበት ቀለበት አለው። ለሁለት ሲከፈል አንደኛው ግማሽ ጥርሱን፣ ሌላው ቀለበቱን ይዞ ይቀራል፤ ከመደዳው ጋር የሚገጥመው ደግሞ አንደኛው ብቻ ነው። ሌላውን አዙሬም ገልብጬም ሞከርኩት፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር እየተፋጠጠ እምቢ አለ። ስለዚህ የፈጀሁት ስልሳ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ የሚይዙ ሰባት ካርቶኖች ስለገዛሁ አላጠረኝም፤ የተረፉትን ግማሾች ከአበባ ማሰሮዎች ሥር አደረግኳቸው።

እንጨቱ ግራር ነው። ስሙን ሳነብ አገሬ ትዝ አለችኝ፤ ለውጭ ዕቃ የሚውለው ግራር ግን በአብዛኛው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ የሚለማ ሌላ ዓይነት ነው። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፦ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ታኒን በሁለቱም ውስጥ አለ። ይህን ባስታውሰው ኖሮ ከሚቀጥለው ነገር በዳንኩ።

በነጠፍኩ በአራተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ጠዋት ከእኛ ሥር የሚኖሩት እናት በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ከእናንተ ዘንድ ሻይ የመሰለ ውሃ ይወርዳል» አሉኝ፤ በእጃቸው የያዙት በረንዳቸው ላይ አስጥተውት ያደረ ነጠላ ነበር። ከጥለቱ ከፍ ብሎ እንደ ሳንቲም የሰፉ ሰባት ቡናማ ነጠብጣቦች አርፈውበታል። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይተዉልኝ፣ አጥቤ አመጣለሁ» አልኳቸው። በኦክሲጅን የሚሠራውን፣ ክሎሪን የሌለበትን የማንጫ ዱቄት በሞቀ ውሃ አሟሙቼ፣ ጥለቱን ከውሃው ውጭ አድርጌ፣ ነጠብጣብ ያለበትን ክፍል ብቻ ዘፈዘፍኩት። በሁለተኛው ዙር ለቀቀ። በዚያው ቀን ንጣፉን ሳነሳው ሲሚንቶው በየእንጨቱ መስመር ቡናማ ሆኗል።

ያን ጊዜ ስልሳውንም አነሳሁ። በመጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያኔ አደረግኩ፦ ንጣፎቹን በየተራ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እየነከርኩ፣ ውሃው ቀለም መስጠት እስኪያቆም ድረስ አጠብኳቸው። አብዛኞቹ ሦስት ጊዜ፣ ጠቆር ያሉት አምስት ጊዜ ወስደዋል። በጥላ ሁለት ቀን ካደረቅኳቸው በኋላ የተልባ ዘይት ቀባኋቸው። እዚህ ላይ ከልቤ የምለምናችሁ አለ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ወይ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ሲሚንቶውን በዚያው የማንጫ ዱቄትና በብሩሽ ፈትጌ አብዛኛውን አስለቀቅኩ።

ከዚያ ወዲህ በዘነበ ቁጥር የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ከውሃ መውረጃው ዙሪያ ያሉትን ሦስት ንጣፎች አነሳለሁ፤ በሜይና በጁን ክንፍ ያለው የሜፕል ዘር በእንጨቶቹ መካከል እየገባ ቀዳዳው ላይ ስለሚከማች በእጅ ይለቀማል። ቡና በዚያው እናፈላለን፤ ከሰል በበረንዳ ማቀጣጠል በውላችን ስለተከለከለ ጀበናው የሚጣደው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ ስፈትሽ ወለሉ ከቀድሞው ፎቶ ጋር ይመሳሰላል፤ ከቀዳዳው አጠገብ ብቻ መዳፍ የሚያህል ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀርቷል። እሱንም ብርዱ ሳይጠነክር አንድ ጊዜ ደግሜ እፈትገዋለሁ።