ቪቲ ከአብሌሽን በኋላ የሚመለሰው በማን ላይ ነው?

ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ፣ ሐኪሞች ባጭሩ ቪቲ የሚሉት፣ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ጠባሳ ነው። በጠባሳው መሃል በሕይወት የተረፉ ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ኤሌክትሪኩን እያዘገዩ መልሰው ያዞሩታል፤ አብሌሽን ደግሞ እነዚህን መተላለፊያዎች በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ጫፍ አቃጥሎ ይዘጋል። በ12 ማዕከላት የታከሙ 2,061 ሕሙማንን የያዘው የ2015 እ.ኤ.አ. ጥናት እንደሚያሳየው ከአሥሩ በሦስቱ ላይ ቪቲው በዓመት ውስጥ ተመልሷል።

ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ ምቱን ሆን ብሎ ለመቀስቀስ ይሞክራል። ልብን በየ600፣ ቀጥሎም በየ400 ሚሊሰከንድ እያስመታ፣ በመጨረሻው ላይ እስከ ሦስት ቀደም ያሉ ምቶች ይጨምራል፤ ይህንንም ቢያንስ ከሁለት ቦታ ይሞክራል። ምንም አለመነሳቱ ደስ ያሰኛል፣ ግን በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። በተቃጠለው ቦታ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ለጊዜው ያብጣል፣ ይደነዝዛል፤ እብጠቱ ሲወርድ መተላለፊያው ሊከፈት ይችላል። ጥልቅ ሰመመንም ምቱን ይደብቃል። ጠባሳው ከልብ ግድግዳ መሃል ወይም ከውጭው ገጽ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ላይደርስበት ይችላል።

በእኔ እምነት የበለጠ የሚናገረው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሕመምተኛው አይሲዲ (በደረት ውስጥ ተቀብሮ አደገኛ ምትን በፈጣን ምት ወይም በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስቆም መሣሪያ) በኩል፣ በቀላል ማደንዘዣ የሚደረገው ዳግም ሙከራ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የ132 ሕሙማን ጥናት ውስጥ፣ የቀድሞው ቪቲ በዚህ ሙከራ ከተነሳባቸው መካከል ዓመቱን ያለ ቪቲ የጨረሱት ከ30 በመቶ በታች ናቸው፤ ምንም ካልተነሳባቸው ግን ከ80 በመቶ በላይ። በግራ ቬንትሪክል የረጋ ደም ካለ ወይም የልብ ድካሙ ካልተረጋጋ ሙከራው ይቅር።

የሕመምተኛውን ስጋት ለመገመት የሚያገለግለው፣ ፔይንስድ የተባለው ነጥብ አሰጣጥ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሳንባ ሕመም 5፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ 3፣ በደም ሥር መዘጋት ለመጣ የልብ ሕመም 6፣ ለስኳር 3 እያለ ይደምራል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። ሲሠራ ግን ዓላማው በአብሌሽኑ ወቅት የደም ዝውውሩ የሚወድቅበትን ሰው መለየት ነበር። ጠባሳው በደንብ መዘጋቱን አይነግረንም።

ሌላው በቀላሉ የሚያመልጠን ነገር የአይሲዲው ቅንብር ነው። አብሌሽኑና አሚዮዳሮን የተባለው የልብ ምት መድኃኒት ቪቲውን ያዘገዩታል። በደቂቃ 170 ይመታ የነበረው ወደ 140 ወርዶ መሣሪያው የሚቆጥረው ከ160 ጀምሮ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ቪቲ ውስጥ ሆኖም ንዝረት አያገኘውም፤ እኛም ድኗል እንላለን። መሣሪያው መቁጠር የሚጀምርበት መለያ ከሚታወቀው ዘገምተኛ ቪቲ ቢያንስ በ10 ምት ዝቅ ይበል። በክትትል ቀጠሮም ከንዝረቱ ሌላ መሣሪያው በፈጣን ምት ያስቆማቸውን ቪቲዎች ጭምር ቁጠሩ።